ዱዓዬ ያወረደው ሥዕል

ይህን የወለድኳቸው ልጆች እንኳ ከአፌ አልሰሙትም። ከልጅ ቤት ልጅ ቤት፣ ለዚያራ ከወልይ ደጅ ወልይ ደጅ ስዞር ያረጀሁ ሴት ነኝ። ዱበርቲ ስለሆንኩ የታመመበትም ዝናብ የቀረበትም ዱዓ አድርጊልን ይለኛል። እኔ እጄን ሳነሳ ሰው አሚን ይላል። በዚያው እጅ ያደረግሁትን ስሙኝ።

ከሚሴ ባጃጅ ገና ሳይገባባት ነው። ኑሩ የሚባል፣ የሱቅ ሰሌዳ እየቀባ የሚያድር ሰው፣ ትልቅ ሸራ ላይ ሥዕል ሥሎ ገበያው ፊት ለፊት ካለው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። አንዲት ጥቁር ልጅ አንገቷ በገመድ ታስሮ፣ አንድ ቀይ ሰው በበቅሎ ሆኖ ለሽያጭ ወደ ባቲ ሲነዳት ያሳያል። ድሮ የሆነ ነገር ነው። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም።

ልጅቷ ሰዓዳ ናት፣ የእናቴ እናት። ኑሩ የእናቴ ወንድም ልጅ ነው። እኔ ግን ይህን ለባሌም አልነገርኩም። ያን ሰሞን ደግሞ ልጄ ታጭታለች። የእጮኛዋ ቤተሰብ ዘር የሚቆጥር ነው፤ ከባሪያ ወገን ናት ከተባለ ኒካሁ ቀረ ማለት ነው።

ገበያተኛው ሥዕሉ ስር ተሰብስቧል።

"ያለፈውን ምን አስቆፈረህ?" ይላል አንዱ።

"እስኪ በል፣ ማናችን ነን ባሪያ? በዚያ በቡርሽህ አሳየን" ይላል ሌላው። ይስቃሉ።

ኑሩ አየኝና መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እቴ፣ አያታችንን ሊያወርዷት ነው። አንቺን ይሰሙሻል" አለኝ።

የልጄ እጮኛ እናት አጠገቤ ነበሩ። "የምን እቴ ነው የሚልሽ?" አሉኝ።

"አላውቀውም" አልኩ። ይህም አልበቃኝም። እኔ እጄን አነሳሁ። እኔ፣ "ያ ረቢ፣ ክብራችንን ያዋረደ እጅ ይድረቅ" አልኩ።

አሚን አሉ።

ሸራውን ከግድግዳው ገነጠሉት። ኑሩ ሊያነሳው ሲጎነበስ ጀርባውን በዱላ አሉት፤ ወደቀ። አንዱ ክንዱ ላይ ቆመበት። ሌላው የሚዛን ብረት አንስቶ ቀኝ እጁን ቀጠቀጠው። ጣቶቹ ሲሰበሩ ሰማሁ። ደሙ ሸራው ላይ፣ የልጅቷ ፊት ላይ ፈሰሰ። አልጮኸም፣ እኔን ነበር የሚያየኝ። "ተዉት" ብል ይተዉት ነበር። እኔ ሻሼን ወደ ዓይኔ ሳብኩ።

ፈርቼ ነው ልበል? ለልጄ ብዬ ነው ልበል? ሰው፣ "ሥዕል ሐራም ስለሆነ ነው የረገመችው" ሲል እንደዚያው ይመን ብዬ ተውኩት። ውሸት ነው። እጄን ያነሳሁት ሥዕሉ እውነት ስለሆነ ነው።

ልጄ ተዳረች። ድግሱ ላይ የመረቅኩትም እኔው ነኝ።

ኑሩ ባቲ ገብቶ ፍየል ማሻሻጥ ያዘ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ስል በግራ እጁ ደገፈኝ።

"እቴ፣ እኔስ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አለኝ። "አያታችንን ግን ገበያ መሃል ነው የካድሻት። ገበያ መሃል ቆመሽ የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ።"

እሺ አልኩት። ከሚሴ ተመልሼ ገበያው መሃል ቆምኩ። ሰው "ደህና ዋልሽ፣ ዱዓሽ አይለየን" እያለኝ ያልፋል። ሽንኩርት ገዝቼ ወጣሁ።

ባለፈው ክረምት ኑሩን ቀበሩት። የሰዓዳ የልጅ ልጅ ነኝ። ይህን ለእናንተ ማለት የቻልኩት ፊታችሁን ስለማላይ ነው፤ ድፍረት ብላችሁ እንዳትቆጥሩልኝ።