አውራ ዶሮ የሌለበት ግቢ

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ጥሬ ስበትን፣ አንዷ ቄብ እጄ ከጀርባዋ በላይ ሲያልፍ ክንፎቿን ገለጥ አድርጋ መሬት ላይ ልጥፍ አለች። በዚህ ዕድሜዬ ልቤ ደነገጠ። ማን አየኝ ብዬ ወደ ጎረቤት መስኮት ዞርኩ።

በዚችው በእስራኤሏ ከተማ በፔታህ ቲክቫ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እንጀራ እናቴ ከምድር ቤታችን ጀርባ አራት ቄቦች ታረባ ነበር። አውራ አልነበራቸውም፤ ጩኸቱ አላስተኛን አለ ብለው የላይኞቹ ጎረቤቶች አስወጥተውታል። ግቢው የረጠበ ላባና የብርቱካን ልጣጭ ይሸት ነበር። አባቴ ሳይነጋ ፋብሪካ ይሄዳል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ይመለሳል። በመሐል ያለው ቀን የእሷ ነበር። እጇ ፈጣን ነው፤ ምልክት የማይተውበትን ቦታም ታውቃለች። አሁን በሕይወት የለችም። ቢሆንም እናገረዋለሁ።

አንድ ቀን ቀይዋ ቄብ እግሬ ሥር ልጥፍ ስትል እንጀራ እናቴ ከበር ላይ አየች። ጎንደር ዶሮ ስታረባ ያደገች ሴት ናት፤ እዚያ ግን ዶሮ ከሰው እጅ ትሸሻለች እንጂ ተለጥፋ አትጠብቅም። አባቴ እንደገባ፣ «ልጅህ ዶሮዎቼን በዱላ እየፈጀቻቸው ነው። ነገ ደግሞ ወደ ሕፃኑ ትዞራለች» አለችው። ሕፃኑ የራሷ ነበር። አባቴ ግቢ ወጥቶ እጅሽን ዘርጊ አለኝ። ዘረጋሁ። ቄቧ ልጥፍ አለች።

«ያልተመታ እንስሳ እንዲህ አይሆንም» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

ከዚያ ስለ ፕኒሚያ አወራ፤ ልጆች እዚያው እያደሩ ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቀረኝ እሱ ብቻ ነበር። የማደርገው ጠፋኝ።

በማግስቱ ከየመን የመጡትን አሮጊት ጎረቤታችንን ለእንጀራ እናቴ እንዲያስረዱልኝ ለመንኳቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዶሮ ያረቡ ሴት ነበሩ። አጥሩን ተደግፈው ሳቁ። ቄቧ እንቁላል ልትጥል ደርሳለች፣ አውራ ስለሌላት የሰውን እጅ እንደ አውራ ትቆጥረዋለች፣ ማንም አልመታትም አሉ፣ በዕብራይስጥ። እንጀራ እናቴ ዕብራይስጥ አታውቅም፤ ማስተርጎም የኔ ሥራ ነው። አንድ ቃል ሳላስቀር ነገርኳት።

«ሴትዮዋ ይህን ሁሉ አላለችም» አለች። «አንቺ ነሽ የምትጨምሪው።»

አሮጊቷ ፊቴን አይተው፣ «በሰደር?» አሉኝ፣ ደህና ነሽ ወይ ለማለት።

«በሰደር» አልኩ። እንጀራ እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር።

በሳምንቱ ቄቧ ጣለች። እንጀራ እናቴ እንቁላሉን አንስታ ቀሚሷ ኪስ ከተተችው፣ አየችኝም። ለአባቴ አልነገረችውም። እኔም አልነገርኩትም፤ እሱ ሥራ ሲሄድ ከእሷ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ።

እሁድ ጠዋት አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኝ። ሸሚዙ የማሽን ዘይት ይሸታል። «አይዞሽ ልጄ» ብሎ ራሴን ሊዳብስ እጁን አነሳ። ሳላስበው ፊቴን በክንዴ ከልዬ ቁጢጥ አልኩ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ቀና ስል ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ቤታችን አቅጣጫ አየ፣ መልሶ እኔን አየ። እንመለስ እንዲለኝ ጠበቅኩ።

አውቶቡሱ መጣ። ሻንጣዬን ራሱ አስገባልኝ።