እንገሩን ሙልጭ አድርጌ ያለብኩ ጊዜ

ላሟን የገዛሁት ጁባ ውስጥ ሰው ሁሉ ዕቃውን እየሸጠ ሲወጣ ነው። ከታኅሣሡ ተኩስ በኋላ በነበረው ዓመት፣ አትላባራ ሰፈራችን ውስጥ ፍራሹን ያልጠቀለለ ጎረቤት ማግኘት ይከብድ ነበር። ባሌም ሀይ ጀላባ ያለውን ሱቁን ዘግተን አገራችን እንግባ ማለት ጀምሮ ነበር። እኔ ደግሞ ከኡጋንዳ የመጣች፣ ሦስተኛዋን ያረገዘች ክልስ ላም እየጎተትኩ ግቢ ገባሁ።

ባሌ ላሟን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ላሟን አየ። «እሺ፣ ትውለድና ወተቷን እንየው» አለኝ። «ካልሆነች ግን አንድ ቀን አናድርም።» ተስማማሁ። ሰው ለምን መመለስ እንደማልፈልግ ሲጠይቀኝ ሥራዬን ብዬ ነው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እናቱ ቤት ገብቼ፣ ብዪ ሲሉኝ እየበላሁ ተኚ ሲሉኝ እየተኛሁ መኖርን ነበር የምፈራው።

ድሮም ቁጭ ማለት አልችልም፤ ያን ዓመት ደግሞ ባሰብኝ። የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር በሩን እከፍታለሁ። የታጠፈ ልብስ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ። ላሟ መውለጃዋ ሲደርስ በቀን ሃያ ጊዜ ጎኗን ስዳስስ፣ ባሌ «እሷ ሳትወልድ አንቺ ትወልጃለሽ» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

በሰላም ወለደች። ጥጃዋን ካጠገብኩ በኋላ ባልዲ ይዤ ሥሯ ቁጭ አልኩ። እንገሩ ቢጫና ወፍራም ነው፤ እኔ ያደግሁበት ወሎ አንድ ላም በሳምንት የማትሰጠውን በአንድ ጊዜ ሰጠችኝ። እናቴ ግት ውስጥ ወተት ከቀረ ጡቱ ይታመማል ትል ስለነበር፣ ጠዋትም ማታም፣ በማግስቱም ጠዋት፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ሳላወጣ አልነሣም ነበር። በሰፈሩ የቀረን ሐበሾች አገር ከለቀቅን እንገር ቀምሰን አናውቅም ነበር። አፍልቼ አረጋሁና ለየቤቱ አዳረስኩ። ባሌም ከሱቁ ደውሎ «ለጓደኞቼም ላኪ» አለ፤ ላኩ። ሰው ሁሉ ሲመርቀኝ ኩራቴ ሌላ ነበር። በቃ፣ ቀረን፣ አልኩ በልቤ።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ ላሟ ስትራመድ ተንገዳገደች። የኋላ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ውኃ ላመጣላት ሄጄ ስመለስ ተኝታለች፤ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ ዓይኗ ፈዝዞ። ጆሮዋን ስይዘው በረዶ ነው። ጮህኩ። የማን ስም እየጠራሁ እንደጮህኩ አላውቅም።

ላሟን የሸጠልኝ ሰው የአንድ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ሰጥቶኝ ነበርና ለእሱ ደወልኩ። በስደት እኛ አገር ያደገ የዚሁ አገር ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። «ማማ፣ ጆሮዋ ቀዝቅዟል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እንዳታርዷት! በአፏም ምንም እንዳትሰጫት፣ ያንቃታል። በጎኗ እንዳትዘረጋ ግራና ቀኝ በጆንያ ደግፊያት። ከሀይ ማላካል ሰፈር እየመጣሁ ነው።»

ባሌ ግን ጩኸቴን የሰማ ጎረቤት ደውሎለት ከሱቁ ቀድሞት ደረሰ፤ ቢላዋውን ይዞ። ሁለት ጎረቤቶችንም ጠርቷል። አልፈርድበትም፤ ሳትታረድ ከሞተች በክት ናት፣ ለማንም አትሆንም። ወንዶቹ ጆንያዬን ገፍተው ጭንቅላቷን ወደ ቂብላ ለማዞር ሲታገሉ በመሃል ገባሁ።

«ሰውዬው እየመጣ ነው!»

«እስኪመጣ ብትሞትስ? አታያትም እንዴ? አልቆላታል!»

«እኔን ሳታርድ አታርዳትም!»

ብዬ አላውቅም እንደዚያ፣ በሰው ፊት። ባሌ ደነገጠ። «ትንፋሿ ከከበደ ግን አልጠብቅም» አለና ቢላዋውን እንደያዘ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። እኔ ከበሩ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ በሩ እሮጣለሁ። የቦዳ ቦዳ ሞተር በመጣ ቁጥር እወጣለሁ፤ እሱ አይደለም። ተመልሼ እጄን አፍንጫዋ ላይ አደርጋለሁ። እንዲህ ሦስቴ ተመላለስኩ፤ አራተኛው ላይ ትንፋሿ ማቃሰት ሆነ፣ ባሌም ተነሣ። «ቢስሚላ…» ሲል የበሩ ቆርቆሮ ተንኳኳ።

ሐኪሙ ሰላምታ እንኳ አልሰጠም። ሙቅ ውኃ አስመጥቶ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ነከረ፤ ለብ ሲል የአንገቷን ደም ሥር ፈልጎ መርፌውን ሰካ። ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ፣ ጠርሙሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ በቀስታ ያንጠባጥባል። ጠርሙሱ አልጎድል አለኝ።

«ፍጠን እንጂ፣ ልጄ!»

«ሽዊያ ሽዊያ፣ በቀስታ ነው፣ ማማ። ከቸኮልኩ ልቧ ቀጥ ይላል።»

ጠርሙሱ ከግማሽ ሲወርድ ጎኗ ተንቀጠቀጠ። አገሳች። አፍንጫዋ ላይ ላብ ወጣ፣ ወዲያው ፋንድያዋን ለቀቀች። ወንዶቹ ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ኋላዋን አንሥታ፣ እየተንገዳገደች ቆመች። ባሌ «አላሁ አክበር» አለና ቢላዋውን ከኋላው ደበቀ።

ሐኪሙ የመርፌውን ቱቦ እየጠቀለለ ጠየቀኝ። «ማነው ያለባት?»

«እኔ።»

«ምን ያህል ተውሽላት?»

ጠዋት ቢሆን በኩራት የምመልሰው ጥያቄ ነበር። «ምንም» አልኩ።

«የእንደዚህ ዓይነቷ ላም ወተት ካልሲየሟን ከደሟ ጠርጎ ነው የሚወጣው። ሙልጭ ስታደርጊያት ሰውነቷ ግቷን ለመሙላት ደግሞ ከደሟ ይወስዳል። ያገር ላም አይደለችም። ሁለት ቀን ለጥጃዋ የሚበቃውን ብቻ እለቢ፤ ሌላው እዚያው ይቅር። ይሄ በሽታ ዛሬውኑ ሊመለስ ይችላል፤ ከተመለሰ ሌላ መድኃኒት የለኝም፤ የነበረችኝ ይህችው አንዷ ናት።»

ባሌ ሰማ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸም። «እኔም ነኝ ላኪ ያልኩሽ» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ግቷ ሞላ። ወጠረ፤ ላሟ እግሯን እያነሣች ወደ እኔ እየዞረች ትጮሃለች። የጥጃዋን ድርሻ አልቤ ተነሣሁ። ጆሮዋን ያዝኩ፤ ሙቅ ነው። ዞሬ መጣሁ፣ ያዝኩ፤ ሙቅ ነው። አንዲት ጎረቤት ሳህን ይዛ መጣች፤ የለም ብዬ መለስኳት። በአስር ሰላት ሰዓት አካባቢ ወተቱ ከአራቱም ጡቶቿ በራሱ መንጠባጠብ ጀመረ። በዕድሜዬ ወተት መሬት ሲፈስ አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። ባልዲው አጠገቤ ነው። ከእግሬ ሥር አፈሩ ቢጫ ሲሆን እያየሁ፣ ይፍሰስ፣ አልኩ።