የጋሽ ደረጃ ቋጠሮ

የአውቶቡስ መናኸሪያውን መጸዳጃ ቤት የምታጸዳውን ሴት በስሟ የሚጠራት የደመወዝ ዝርዝር የሚያነበው ሰው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ «ባንኳ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ውጭ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ሀብት ኖሯት እንዳይመስላችሁ። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ መጥረጊያና ባልዲ የምታስቀምጥባት ጠባብ ጓዳ አለች፤ እዚያ ውስጥ የሰው ጓዝ ታስቀምጣለች። ማዳበሪያ፣ ሻንጣ፣ በአንሶላ የታሰረ ጥቅል፣ አንዴማ የሕፃን አልጋ ሳይቀር። ጠዋት ያስረክቧታል፣ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይወስዳሉ። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ።

ነገሩን የማያውቅ ሰው «ምን ያደርግላቸዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኳ ለዚህ ጥያቄ ትዕግሥት የላትም። እሷ ራሷ ስድስት ዓመት ውጭ አድራለች። ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ሞተ፣ ቤቱን የባሏ ወንድሞች ወሰዱት፣ የስፌት መኪናዋም ተሸጠች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማውራት አትወድም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የምትናገረው አንድ ነገር ነው።

«ርሃቡም ብርዱም ይለመዳል» ትላለች። «የማይለመደው ጓዝ ነው። ጓዝሽን ተሸክመሽ ሥራ ልጠይቅ ብትይ ዘበኛው ከበር ይመልስሻል። ሐኪም ቤት ብትሄጂም ያው ነው። ጥለሽው ከሄድሽ ደግሞ ስትመለሺ የለም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂዋለሽ። አንድ ብርድ ልብስና አንድ ድስት ስትጠብቂ ዕድሜሽ ያልቃል።»

እሷን ከዚያ ያወጣት የእርዳታ ድርጅት አልነበረም። በፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ የሚያድሩ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰዉ «ጋሽ ደረጃ» ይላቸዋል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲያይዋት ቆዩና «ተይው እዚህ። ሂጂ» አሏት። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቋትም። ሦስት ቀን ሙሉ ጓዟን ከራሳቸው ጥቅል ጎን አድርገው ጠበቁላት። በሦስተኛው ቀን የመጸዳጃ ቤቱን ሥራ አገኘች። ስትመለስ የጓዟ ቋጠሮ ልክ እሷ እንዳሰረችው ነበር። ይህን ስታወራ እስከ ዛሬ አፍንጫዋን በሽርጧ ትጠርጋለች፤ ጉንፋን ነው ብትልም አትመኗት።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈና ጓዳዋ ጢም ብላ ሞላች፤ ባልዲው እንኳ መግቢያ አጣ። በዚህ መሀል መናኸሪያው ትኬት በስልክ መሸጥ ጀመረና ሰባት ቁጥር የትኬት መስኮት ተዘጋ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መደርደሪያ አለው፣ በሩ ይቆለፋል። ባንኳ ዓይኗን ጣለችበት። አንድ ሰኞ ጠዋት ጸጉሯን በአዲስ ሻሽ አስራ፣ ባለ ሹራቧን አስከትላ፣ የሥራ አስኪያጁን ቢሮ አንኳኳች። ባለ ሹራቧ ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ሹራቧን የማታወልቅ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ ድልድይ ሥር ታድር የነበረች ሴት ናት።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። በሽታው ሌላ ነው፤ ሁሉን ነገር ማወቅ ይወዳል። ወዛደር ካርቶን ተሸክሞ በአጠገቡ ቢያልፍ «ምንድን ነው እሱ?» ሳይል አያሳልፈውም። ባንኳን ግን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። «እንዲያውም ከቢሮ አንድ የሠለጠነ ሰው እመድብላችኋለሁ።»

«የሠለጠነ ሰውማ አለን፣ አለቃ። እኔ ስድስት ዓመት ሠልጥኛለሁ፤ እሷ አራት።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁ አመለጠው። ባንኳ ግን ቀልዷን አልነበረም።

«የእርስዎ ሰው መጀመሪያ ስም ይጠይቃል፣ ቀጥሎ አድራሻ። አድራሻ ሲባል ሰውየው ጓዙን አንሥቶ እብስ ነው። እኛ ግን ምን እንደማይጠየቅ እናውቃለን። ከመስኮቱ ኋላ የሚቆመው ውጭ ያደረ ሰው ብቻ ነው፤ የምንለምንዎት ክፍሉን ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«እሺ። ግን እየፈታችሁ፣ እየፈተሻችሁ ነው የምትቀበሉት።»

«አንፈታም።»

«ውስጡ ምን እንዳለ ሳላውቅ? በኔ መናኸሪያ?»

«እኔም አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም አላውቅም። ከተፈታ ማንም አይመጣም፣ አለቃ።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ተጠጋ። «ግን አያጓጓሽም?»

እንዴት አያጓጓት! ሰው አይደለችም? በተለይ የጋሽ ደረጃ ጥቅል ሁልጊዜ ይከነክናታል። በወፍራም ሸራ የተጠቀለለ ነው፤ ሽማግሌው ከቦታ ቦታ ሲያነሡት ብረት ለብረት የሚጋጭ ድምፅ ያሰማል። አንድ ሰሞን የአናጺ መሣሪያ ነው ብላ ደመደመች። ሌላ ሰሞን የሙዚቃ መሣሪያ አደረገችው። አንዴ ደግሞ፣ ሰማይ ምሕረት ያውርድላትና፣ የሰረቁት ነገር ይሆን እንዴ ብላ በራሷ አፍራለች።

«ያጓጓኛል» አለች። «ግን ጓጉቼ አልሞትኩም።»

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሥራ አስኪያጁ የአሥራ አምስት ቀን ሙከራ ፈቀደ፤ ያለ ፍተሻ። አንድ ችግር ከተነሣ ወይ ፍተሻ ይጀመራል፣ ወይ ክፍሉ ይዘጋል። አንዱን ቁልፍ ለባንኳ ሰጣት፣ ሁለተኛው እንደ ደንቡ እሱ ጋ ቀረ።

የሰባት ቁጥር አሠራር እንዲህ ነበር። ሰው ጓዙን ያመጣል፣ በራሱ እጅ ያስረዋል፣ ይሄዳል። መታወቂያው ቋጠሮው ነው። አንዱ በሲባጎ አራት ጊዜ ያጠላልፋል፣ ሌላው ጫፉን ወደ ውስጥ ይደብቃል፣ ባለ ሹራቧ ደግሞ የራሷን ጓዝ ስታስር ዘላ ነው የምትጎትተው። ሌላ ሰው ቢፈታው መልሶ እንደዚያው ሊያስረው አይችልም። ባንኳ ስማቸውን የማታውቃቸውን ሰዎች ሁሉ በቋጠሯቸው ለይታ ታውቃለች።

ሳምንት ሳይሞላ መደርደሪያው ሠላሳ ጓዝ ያዘ። አንዱ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄደ። ሌላው የቀን ሥራ አገኘ። አንዲት ሴትዮ ጓዟን አስረክባ የትም አልሄደችም፤ ሁለት እጇን እያወዛወዘች መናኸሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረችው። ባንኳ በመስኮቱ ሆና ዙሯን ቆጠረችላት።

በዘጠነኛው ቀን ጋሽ ደረጃ መጡ። አንድ ዓይናቸው ታሞ ሐኪም ቀጥሯቸዋል። ያን ለማንም ሰጥተው የማያውቁትን ጥቅል መስኮቱ ላይ አኖሩት፤ ብረቱ አቃጨለ። ቋጠሮውን እያጠበቁ «ጠብቂልኝ» አሉ።

«በዓይኔ ብሌን!» አለች ባንኳ። የደስታዋ መጠን ራሷን አስደነገጣት። በምሳ ሰዓት ክፍሉን ቆልፋ፣ የፕላስቲክ ጓንቷን አጥልቃ፣ እየዘፈነች መጸዳጃ ቤቱን አጠበች።

ጋሽ ደረጃ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ጥቅሉን ተቀብለው ቋጠሮው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ጣታቸው እዚያው ቆመ። ባንኳም አየች። ቋጠሮው የእሳቸው አልነበረም። ሁለት እኩል ጆሮ ያለው፣ አንዱን ጫፍ ሲስቡት እርግፍ ብሎ የሚፈታ፣ ያማረ ቋጠሮ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ...»

«ደህና ሁኚ፣ ልጄ» አሉና ጥቅላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ።

ቢሰድቧት በተሻላት። ወሬው ከእሳቸው አፍ አልወጣም፤ ግን ጋሽ ደረጃ ያን የሰው ቋጠሮ ያለበትን ጥቅል ይዘው ሲሄዱ ያየ ሰው ምን ሊነገረው ነው? በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰዉ አንድ በአንድ እየመጣ ጓዙን ወሰደ። «ነገ እመልሰዋለሁ» ይላሉ ዓይን ዓይኗን ሳያዩ። ከሠላሳው አራት ብቻ ቀረ። ከአራቱ አንዱ ደግሞ የባለ ሹራቧ ነው።

«በእናቴ፣ እኔ አልነካሁትም!» አለች ባለ ሹራቧ እያለቀሰች።

«አንቺማ አይደለሽም። ውጭ ያደረ ሰው በአንድ ጉተታ የሚፈታ ቋጠሮ አስሮ አያውቅም። ይሄን ያሰረ ሰው ሌባ ፈርቶ አያውቅም።» ባንኳ ይህን ስትል የራሷ ቃል ቆም አደረጋት። «ይሄኮ የጫማ ማሰሪያ ነው» አለች ቀስ ብላ።

መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳ ሰው ጫማ ያውቃል። ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያየው እሱኑ ነው። ሾፌሮቹ ሸበጥ ያደርጋሉ፣ ወዛደሮቹ ማሰሪያ የሌለው ቦቲ፣ ትኬት ቆራጮቹ ሸራ ጫማቸውን ሳያስሩ ይጎትታሉ። ባንኳ መወልወያዋን ይዛ እስከ እኩለ ቀን ወለሉን ብቻ እያየች ሠራች። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ እጁን ሊታጠብ ገባ። ጥቁር ቆዳ ጫማው ላይ ሁለት እኩል ጆሮዎች ቁጭ ብለዋል። መወልወያውን እዚያው ጥላ ከኋላው ቢሮው ድረስ ተከተለችው።

«ሁለተኛው ቁልፍ የት ነው፣ አለቃ?»

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ ሞከረና አቃተው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አላስቻለኝም» አለ። «ሲያቃጭል ሰማሁት፤ ምሳ አልወርድ አለኝ። አንድም ነገር አልወሰድኩም! እንደነበረ መልሼ አስሬ...»

«እንደነበረ?»

ደሟ ፈላ። በዚያ ደረጃ ላይ የተጠበቀላት ቋጠሮ ትዝ አላት፤ ውለታውን የመለሰችው በዚህ ነው። የምትለውን ስትፈልግ ግን ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር።

«ግን እኮ» አለ በሹክሹክታ፣ «ውስጡ ያለውን ብታይ...»

እውነቱን ልናገር፤ ባንኳ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደች። ዘጠኝ ዓመት የከነከናት ነገር አንድ ቃል ብቻ ቀርቶት ነበር። ጆሮዋ ቆመ። ከዚያ እጇ ከእሷ ቀድሞ ተነሣና፣ ከነእርጥብ የፕላስቲክ ጓንቱ፣ የሥራ አስኪያጁን አፍ ለጎመው።

«ባለቤት አለው!» አለች። «የሚነግሩትን ለእሳቸው ይንገሩ።»

አብረው ሄዱ። ጋሽ ደረጃ ደረጃቸው ላይ ጥቅላቸውን በጉልበታቸው መሀል አድርገው ተቀምጠዋል። ያ ያማረ ቋጠሮ እንዳለ ነው፤ አልነኩትም። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን ሲነካካ ቆየ።

«አባቴ፣ የፈታሁት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም። ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው በደህናው ዓይናቸው ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሁሉንም አየኸው?»

«ሁሉንም።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ለእሷስ?»

«ልነግራት ስል በጓንት አፌን ያዘችኝ።»

ጋሽ ደረጃ ሳቁ። ባንኳ እሳቸው ሲስቁ አይታ አታውቅም ነበር፤ ሲስቁ የሆነ ጎረምሳ ይመስላሉ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው ቋጠሮውን ፈቱ፣ እንደገና በራሳቸው አስተሳሰር አጠበቁት። «ነገም ሐኪም ቀጥሮኛል» አሉ። ባንኳ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሽማግሌው አለፏትና ጥቅሉን ለሥራ አስኪያጁ አሸከሙት።

«እኔ?» አለ።

«ውስጡን የምታውቀው አንተ ነህ። የሚያውቅ ሰው ይጠንቀቅበት።»

ሥራ አስኪያጁ ጥቅሉን ትከሻው ላይ አድርጎ መንገዱን ተሻገረ፤ ባንኳ ከኋላው። ከመናኸሪያው ግንብ ሥር፣ ጓዛቸውን ተደግፈው የተቀመጡት ሰዎች ቀና ቀና አሉ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱ በሸራው ተሸፍኖ ስለነበር ዘበኛው በዱላው አገደው።

«ወዴት፣ ወዴት! የሰባት ቁጥር ነገር አብቅቷል፤ በዚህ ጓዝ መግባት ክልክል ነው። ማስታወቂያውን አታነብም?»

ማስታወቂያው ላይ የፈረመው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። እሱ ግን ማን እንደሆነ መናገሩን ረሳው። ጥቅሉን ወደ ደረቱ አቅፎ «የኔ አይደለም» አለ። «የሰው አደራ ነው።»

ዘበኛው ድምፁን ሲያውቅ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ከግንቡ ሥር አንዲት ሴትዮ ተነሣችና ጓዟን አንጠልጥላ ተከተለቻቸው። ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ተነሡ። ሰባት ቁጥር ሲደርሱ ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቶ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጥቅሉን በሁለት እጁ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ከኪሱ የቁልፉን ዘለላ አወጣ፣ አንዱን ቁልፍ ፈልጎ ከዘለላው ነጠለና ለባንኳ ሰጣት።

«ክፍሉ የእናንተ ነው» አለ። «ፍተሻ የሚባል ነገር የለም።»

ባንኳ ማመስገን ፈልጋ ነበር። አፏ ያወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አለቃ» አለች፣ ባለ ሹራቧ እንዳትሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምንድን ነው ግን?»

ሥራ አስኪያጁ ቀና ብሎ አያት።

«ምኑ?» አለና ወደ ቢሮው ሄደ።