በቆርኪ የደገምነው ዋንጫ

የአጎቴ ልጅ ኳስ ሲወድ ለጉድ ነው። ለወረርሽኙ ሎክዳውን ታውጆ መንገድ የተዘጋ ጊዜ፣ በሰው አገር፣ ካትሌሆንግ የምንሠራባት ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቃችን ውስጥ፣ በዱቄትና በዘይት መሃል ሁለታችን ብቻ ቀረን። በቴሌቪዥን ጨዋታ የለም፣ ቤተ ክርስቲያንም ዝግ ነው። አንድ ቀን ተነሥቶ፣ አገር ቤት ልጆች ሳለን ሰፈራችን በፍጻሜው የተሸነፈበትን የክረምት ዋንጫ ከመጀመሪያው ግጥሚያ ጀምረን እንድገመው አለኝ።

እኔ በዳይስ እንጫወተው ብዬ ብጠይቀው ተቆጣ፤ ቁማር እዚህ ቤት አይገባም አለ። ዕጣ ግን ሐዋርያትም ተጣጥለዋል አለኝ! የለስላሳ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈን ከረጢት ውስጥ ከተትን። ጎበዝ ተጫዋች ብዙ ቁጥር ይደርሰዋል፣ ሰነፉ ጥቂት፤ ከከረጢቱ የወጣው ቆርኪ ቁጥሩ የደረሰው ተጫዋች ኳሷ ተሳካለት ማለት ነው። እኔን፣ አንተማ ኳስ ስትመጣ ትሸሽ ነበር ብሎ በአንድ ቁጥር አስቀረኝ። በረኛችን ታናሽ ወንድሙ ነበር። ለእሱ ያልሰጠው ቁጥር የለም። ኧረ ይሄ በረኛ ነው ወይስ ግድግዳ ብዬ ብከራከር፣ ወንድሜን አትንካብኝ አለኝ።

ውድድሩን ሳናጋምስ አጎቴ ከአገር ቤት ደወሉ፤ ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ። በረኛው ታሞ ብዙም ሳይቆይ አርፏል። መርዶ ደግሞ እንዲሁ አይነገርም፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ንጋት ላይ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው ባለበት ነው። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቻችን ራቅ ብላ ባለችው ዳቬይተን ናቸው፣ መንገዱ ዝግ ነው። “እስኪከፈት ቻለው ልጄ” አሉኝ፣ እያለቀሱ። ለእሱ፣ ወንድምህ ገጠር ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም ተባለ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ቻልኩት። እሱ “ያዛት!” እያለ ሲጮህ እኔ ዞር ብዬ ዳቦ መደርደር ሆነ ሥራዬ። መንገዱ ቶሎ ይከፈት ብዬ ጸለይኩ፤ ደግሞ መልሼ አይከፈት ብዬ ጸለይኩ።

የፍጻሜው ጨዋታ እኩል ለእኩል አለቀና ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄድን። ያኔ በእውነተኛው ጨዋታ የገባችበትን የመጨረሻዋን ኳስ በረኛችን ዛሬ በቆርኪው ያዛት። የአጎቴ ልጅ ዘሎ አቀፈኝ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ምስኪን ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ያችን ኳስ እንደተቆጨባት ነው፤ ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ዛሬ ይሰማታል አለና ስልኩን አነሣ።

ስልኩን ከእጁ ወሰድኩት። ቀትር ነው፣ ሽማግሌ የለም፣ መስኮቱ ላይ አንዲት ሴትዮ ዳቦ ይጠብቃሉ።

“ወንድሜ፣ ቁጭ በል” አልኩት።

ፊቴን አየና ሳቁ ጠፋ።

“አባቴ ነው?” አለኝ።

ምነው እሳቸው በሆኑ ብዬ ተመኘሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።