ጋሽ ላቀው ያስመለሷት አርብ

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከየመኗ ኤደን ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው የቀድሞ ተማሪዬ ፀሐይ ነበረች። «ዲያቆን» አለችኝ። ቅስና ከተቀበልኩ ዓመታት ቢያልፉም ለኤደን ሰዎች እስከ ዛሬ ዲያቆን ነኝ። «ዲያቆን፣ ቁጭ ብለው ነው?» ስትለኝ ነገሩ ገባኝ። «ጋሽ ላቀው አረፉ። ትላንት ቀበርናቸው።»

ይህን የምጽፈው በኤደን አል-ሚምዳራ ሰፈር በጥገና ወርሻቸው ትሰበሰቡ ለነበራችሁ፣ ዛሬ በየአገሩ ለተበተናችሁ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ ነው። ብዙዎቻችሁ ዜናውን ሰምታችኋል። ያልሰማችሁም ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መጀመሪያ የናፈቀኝ የእጃቸው ሽታ ነበር፤ የማሽን ዘይትና የሎሚ ሳሙና። ሰላም ካሉኝ በኋላ እጄ ላይ እስከ ምሳ ይቆይ ነበር።

ጋሽ ላቀው ኤደን የገቡት እንግሊዞች ሳይወጡ፣ በልጅነታቸው፣ ከአባታቸው ጋር ነው። አባታቸው ወደብ ላይ ሲሠሩ እርሳቸው ኮርማክሳር በነበረው የእንግሊዞች ሰፈር የማቀዝቀዣ ጥገና ተማሩ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ባንዲራ ተለወጠ፣ ሁለቱ የመኖች አንድ አገር ሆኑ። እርሳቸው ግን ስፓነራቸውን እንደያዙ እዚያው ቀሩ። «ቦሱ ማንም ይሁን፣ ሙቀቱ ያው ነው» ይሉ ነበር። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ካረፉ ወዲህ ከወርሻው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የከተማውን ቤት ሁሉ ሲያቀዘቅዙ የራሳቸው ክፍል ውስጥ የነበረው አንድ የሚንቀጠቀጥ ቬንትሌተር ብቻ ነው።

እኔ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው የተላክሁት። ማኅበሬ በኤደን ያሉትን ምእመናን ሁለት ዓመት እንዳስተምር መድቦኝ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ መጽሐፍ ይበዛል፤ እኔም ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ላቀው ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብለውኝ በቀጥታ ወደ ወርሻቸው ወሰዱኝና «መጽሐፎችህን እዚህ አድርጋቸው» ብለው አንድ ትልቅ ነጭ ፍሪጅ ከፈቱ። ውስጡ ዳዊት፣ ውዳሴ ማርያምና የመዝሙር ደብተሮች ተደርድረዋል።

«የእግዚአብሔር ቃል ፍሪጅ ውስጥ?» አልኳቸው፤ በእውነት ተቆጥቼ ነበር።

«ሞቷል እኮ! ኮምፕሬሰሩ ኻላስ፣ ፊኒሽ። ላስቲኩ ግን አንደኛ ነው፤ አየር አያስገባም። የመጀመሪያውን ዳዊቴን የባሕሩ እርጥበት በስድስት ወር በልቶብኛል። ከተቆጣህ አውጣና እያቸው፣ አንድ የሻገተ ገጽ ካገኘህ ንገረኝ።»

አንድም አላገኘሁም። በሳምንቱ የራሴን መጻሕፍት ይዤ መጣሁና አጠገባቸው ደረደርኳቸው።

ሳምንቱ የራሱ መልክ ነበረው። ቅዳሜ የሥራ ቀን ስለሆነ ጠዋት ከጋሽ ላቀው ጋር በፒካፓቸው እየዞርኩ አረብኛ እለቃቅማለሁ። ሰኞ ሆስፒታል ሄጄ የታመሙትን እጠይቃለሁ። ማክሰኞ ቢር ፈድል እርሻ ውስጥ ቲማቲም ሲለቅሙ የሚውሉ፣ ወደ ሳውዲ ለመሻገር የሚጠባበቁ የአገሬ ልጆች ዘንድ እውላለሁ። አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ የወሎና የጅማ ልጆች ነበሩ። እኔ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ፣ ጋሽ ላቀው ደግሞ በበረዶ ሳጥን ቀዝቃዛ ውኃ ይልኩላቸዋል። «የክርስቲያኖቹ ሸኽ መጣ!» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ስመለስ ቲማቲም በሻሽ ቋጥረው ያሸክሙኛል። ወላጆቼ ስለ አገልግሎቴ በደብዳቤ ሲጠይቁኝ ስንት ሰው እንዳስተማርኩ እጽፍላቸው ነበር። ስለ ቲማቲሙ ግን አልጻፍኩም፤ ዛሬ ሳስበው የሚናፍቀኝ እርሱ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ወርሻው ይጠረጋል፣ ወለሉ ላይ ውኃ ይረጫል፣ የተፈታቱት ፍሪጆች ወደ ግድግዳ ይጠጋሉ። አርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ጉባኤ ነው። ቅዳሴ የለም፤ ታቦትም ካህንም የሌለበት ቦታ ነው። እንጸልያለን፣ እንዘምራለን፣ እሰብካለሁ። ጾም ስለሆነ ፉል በዳቦ እንበላለን። ከዚያ በየሰው ቤት የሚሠሩ ሦስት እህቶችን ፊደል አስቆጥራለሁ። የጎረቤቱ መስጊድ የአርቡን ኹጥባ፣ የጁምዓ ስብከቱን፣ ሳይጀምር እንበተናለን። በሕይወቴ እንዲህ የሞላ ቀን አላየሁም፤ በዚያን ጊዜ ግን አላወቅሁትም።

ስላላወቅሁትም አበላሸሁት። አርብ የስቅለት ቀን፣ የጾም ቀን ነው፤ የክርስቲያን ጉባኤ በሰንበት ነው ብዬ አሰብኩ። ለአራት ወር ካብሰለሰልኩት በኋላ አንድ አርብ ተነሥቼ «ከሳምንት ጀምሮ የምንሰበሰበው እሑድ ነው» ብዬ አወጅኩ። ማንም አልተቃወመኝም። ከአገር ቤት የተላከ አገልጋይ ሲናገር እሺ ከማለት ሌላ የሚያውቁት አልነበረም። ጋሽ ላቀው ብቻ ቀና ብለው አዩኝና እንደገና አቀረቀሩ።

እሑድ በሁለት ሰዓት ወርሻው ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ። ሁለት ተኩል ሆነ፤ የመጣ የለም። መንገዱ በሠራተኛና በጭነት መኪና ይጨናነቃል፤ በየመን እሑድ እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው። ይህን ቲማቲም ለቃሚው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ልብ ያላልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልዘጋ ስል የጓዳው በር ተከፈተና ጋሽ ላቀው ወጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን እንደ ወጉ አጣፍተዋል። ከውጭ ደንበኛ በሩን እየደበደበ «ያ ላቀው!» እያለ ይጣራል። አልመለሱለትም። ፊት ለፊቴ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ጋሽ ላቀው፣ ማንም አልመጣም» አልኳቸው። ድምፄ ለቅሶ ለቅሶ ይለው ነበር።

«ጀምር እንጂ! እኔ መጥቼ የለም እንዴ?»

ጀመርኩ። ለአንድ ሰው ዘመርኩ፣ ለአንድ ሰው ሰበክሁ። ስጨርስ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። «እሑድ ቀን ቁጭ ብዬ ቃሉን ከሰማሁ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀጠሉ። «አሁን ወደ ጁምዓ መልሰው፣ ልጄ። የእግዜርን ቀን እኔም አውቃለሁ። ለእነዚህ ልጆች ግን በሩ የሚከፈትላቸው ጁምዓ ብቻ ነው።»

መለስኩት። ጥፋቴ ግን አብሮ አልታረመም። በቀጣዩ አርብ የፀሐይ ቦታ ባዶ ነበር። ፀሐይ ያን ጊዜ ኮርማክሳር አንድ ቤት የምትሠራ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ ፊደል ከሚቆጥሩት ከሦስቱ እህቶች እርሷ ትበረታ ነበር። ጎረቤት የምትሠራ እህት እንደነገረችን፣ እኔ ባወጅኩት መሠረት እመቤቷን የእሑድ ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ጠየቀች። ሴትዮዋ «ዛሬ እሑድ፣ ነገ ደግሞ ሰኞ ትያለሽ» ብላ ተቆጣችና ጭራሽ ከቤት እንዳትወጣ ከለከለቻት። እሑድም የለ፣ አርብም የለ።

እኔ ሄጄ ሴትዮዋን አነጋግራለሁ ብዬ ተነሣሁ። ጋሽ ላቀው ስፓነራቸውን እየጠረጉ «ምን ልትላት ነው? ስብከት?» አሉኝ። «ቁጭ በል። የዚያን ቤት ማቀዝቀዣ ማሽን አውቀዋለሁ። ሙቀቱ ሲጠና አንድ ሳምንት አይቆይም።»

ሰባት አርብ ጠበቅን። በየአርቡ ጋሽ ላቀው የፀሐይን ወንበር ያዘጋጁ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ወንበር እያየሁ መስበክ አቃተኝ። ወደ አገሬ ልመለስ ብዬ ለማኅበሬ ደብዳቤ ጽፌ ሳልልከው ኪሴ ውስጥ ይዤ እዞር ነበር። በስምንተኛው ሳምንት የቤቱ ኤር ኮንዲሽነር ቆመ። ሙቀቱ ግድግዳ የሚያስልስ ዓይነት ነበር፤ ሴትዮዋ በሌላ ባለሙያ ብትሞክርም አልሆነላትም። ለጋሽ ላቀው ሲደወል ዕቃቸውን አሸክመውኝ ሄድን።

ከጠዋት እስከ ቀትር ጣሪያ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሠሩ። ማሽኑ ሲነሣና ቀዝቃዛው አየር ሳሎኑን ሲሞላ ሴትዮዋ እየሳቀች ወጣች። «ስንት ልስጥህ፣ ያ ዐም፣ አጎቴ?» አለቻቸው።

«ፍሉስ አልፈልግም፣ መዳም። የዚችን ልጅ ጁምዓ ስጪኝ።»

«ምንህ ናት?»

«ተማሪ ናት። ፊደል ስትቆጥር ‹ቀ› ላይ ቆማብናለች።»

ሴትዮዋ ወደ ማድ ቤቱ በር ዞረች። ፀሐይ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተነከረ ቆማ ትሰማ ነበር። «ማንበብ ትማሪያለሽ?» አለቻት። ፀሐይ ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። ሴትዮዋ ቀዝቃዛ አየር ወደሚነፍሰው ማሽን ቀና ብላ አየችና «ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ትመለስ» ብላ ገባች። መንገድ ላይ ያን ደብዳቤ ቀድጄ በመኪናው መስኮት ወረወርኩት። ጋሽ ላቀው ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ «ከተማ አታቆሽሽ» ብቻ አሉኝ።

ፀሐይ በተመለሰች በሦስተኛው አርብ አጣምራ ያነበበችው የመጀመሪያው ሙሉ ቃል «ላቀው» ነበር። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እርሳቸው የጠፋ ብሎን የሚፈልጉ መስለው ረጅም ጊዜ ወለሉ ላይ አጎነበሱ።

ሁለት ዓመቴን ጨርሼ ስለያቸው፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ አንድ እሑድ በእኔ ደብር ቅዳሴ እንደማስቀድሳቸው ቃል ገባሁላቸው። «ሙቀቱ በረድ ይበልና እመጣለሁ» አሉኝ። በሙቀቱ ወራት ሥራቸው ይበዛል፣ ከተማውን ጥለው መሄድ አይችሉም። በረድ ሲል ደግሞ ወይ የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ወረቀት ይጎድላል፣ ወይ የታመመ ሰው አለ፣ ወይ በጀልባ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ልጅ ማደሪያ አጥቶ ወርሻቸው ተኝቷል። በየዓመቱ ጠበቅኋቸው። ደብራችን ያለችው ከደሴ ወጣ ብሎ ብርድ አገር ስለሆነ ጋቢ ገዝቼ አስቀመጥኩላቸው። በስልክ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ዕድሜዬን ሙሉ ብርድ ስሸጥ ኖሬ አሁን ብርድ እፈራለሁ?» በመጨረሻ የተነጋገርነው ለጥምቀት ነው። «ዘንድሮ ግን መጣሁ» ብለውኝ ነበር፤ እኔም አምኛቸው ነበር።

ፀሐይ በስልኩ የነገረችኝን ቀሪውን ልጨርስ። መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ ጸሎቱን ማን ያንብብ ተባለ። ካህን የለም፣ ዲያቆን የለም። «ፍሪጁን ከፍቼ ዳዊቱን ይዤ ሄጄ ነበር» አለችኝ። «እኔ አነበብኩላቸው፣ ዲያቆን። አንዳንዱ ቦታ ላይ ቀስ አልኩ እንጂ አልዘለልኩም።»

ጋሽ ላቀው፣ እሑድ በቅዳሴ ስምዎን ጠራሁ፤ እንደ ወጉ ተጸለየልዎ። ከአርባ ዓመት በላይ የናፈቁትን የቅዳሴ ደወል እኔ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ያን ቀን ግን መስማት ከበደኝ። ቃሌን ሳልፈጽም አመለጡኝ። ዛሬ አርብ ነው። ጠዋት ተነሥቼ የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከፈትኩ፣ ወለሉ ላይ ውኃ ረጨሁ፣ አንድ ወንበር ፊት ለፊቴ አደረግሁና ጋቢዎን መደገፊያው ላይ አኖርኩ። ሁለት ሰዓት ሆነ። በዚህ አገር አርብ የሥራ ቀን ስለሆነ የመጣ ሰው የለም፤ ልዘጋም አሰብኩ። ከዚያ «ጀምር እንጂ!» ያሉኝ ድምፅዎ ትዝ አለኝ። ደህና ይሁኑ፣ አባቴ፤ እርስዎ ከመጡ ይበቃል ብዬ ጀመርኩ።