የአንጓች ተራ

ይህን ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። የአንጓችን በሬ እስኪደክም አርሼበት፣ የእሷ ተራ ሲደርስ የእኔን በሬ ከለከልኋት። ጥፋቴ ይኸው ነው። በመሠረተ ትምህርት በለመድሁት ፊደል ራሴ እጽፈዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቢጽፍልኝ ያለሳልሰው ይሆናል።

ከቡሬ ወጣ ያለች ቀበሌ ውስጥ ጎረቤታሞች ነበርን። እሷ ባሏ ሞቶባት አንድ በሬ ቀርቷት ነበር፤ እኛም ያለን አንድ ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና መቀናጆ ገባን። ባለቤቴ ሁለቱን ጠምዶ የሁለታችንንም መሬት ያርሳል፤ እሷ ደግሞ አረማችንን ታግዘናለች። ያን ክረምት ቀድሞ የታረሰው የእኛ ነበር። እንዳለቀ ከቡሬ ገበያ ሁለተኛ በሬ ገዛሁ። ባለቤቴ "ተራዋ እኮ ነው" ቢለኝ፣ በሬያችን ታሟል ብዬ ላክሁባት። አልታመመም። ለምን ዋሸሁ? ለበርበሬ ሌላ ማሳ ተከራይቼ ስለነበር ነው። እኔ ዋሸሁ፤ እኔ ከለከልሁ። ሟች ባሌን አልወቅስም።

አንጓች ከትልቋ ልጇ ከአለምነሽ ጋር መሬቷን በዶማ ቆፈረች፤ እኩሌታው ሳይዘራ ቀረ።

በርበሬው ያዘልኝ። ከዓመታት በኋላ ፍኖተ ሰላም ቤት ሠራሁ፤ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ፍሪጅ አስገባሁ። ደስታው ግን ከሳምንት አያልፍም። ቡፌው ሲገባ ብርጭቆ አነሰው፤ ብርጭቆ ሲሞላ ቤቱ ጠበበኝ። ሶፋው እንዳይቆሽሽ የልጅ ልጆቼን መሬት አስቀመጥሁ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የዕቃ ዘበኛ ይሆናል? እኔ ሆንሁ።

ለቤቱ ምርቃት አንጓች መጣች። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ስትሰምጥ "እታለም፣ ይኼ ነገር ሰው ይውጣል እንዴ? ገመድ ወርውሪልኝ" ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀችው። ቅናት ፈለግሁባት፤ አጣሁ። እሷ ቤት ያለው ሁለት በርጩማና አንድ ሳጥን ነው። በሄድሁ ቁጥር ግን ቤቱ ጎረቤት ሞልቶበት አገኛለሁ። የጎደላትን ስትቆጥር ሰምቻት አላውቅም። እንደ እሷ ያለ ሰው አላየሁም። ድህነት ነው ይህን የሰጣት ብዬ ግን ጥፋቴን አላሳምርም፤ ችግር ማንንም አያጠግብም።

ዘንድሮ ሁለት ሴቶች በቦኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ፍረጂን አሉኝ። ተራ የነጠቀችው ትካስ ብዬ ፈረድሁ። ፍርዱ አፌ ውስጥ መረረኝ። እኔ ማን ነኝ? በማግሥቱ ወይፈን አስነድቼ አንጓች ደጅ ቆምሁ፤ ሁሉንም ነገርኋት። ለካ ያኔውኑ አውቃለች፤ በሬዬ ሲያርስ ከማዶ ታየው ነበር። ይቅር በይኝ፣ ወይፈኑንም ተቀበይኝ አልኋት።

ወይፈኑን ዳበስ ዳበስ አደረገችው።

"መልሺው እታለም፤ ላለኝ ለአንዱ በሬም ድርቆሽ የማገኘው በመከራ ነው። የእኔን ድካም ይቅር ብየሻለሁ። ያን ዓመት ግን እህል ስላነሰን አለምነሽ ትምህርቷን ትታ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ በዚያው ቀረች። በእሷ ፈንታ ይቅር ልልሽ አልችልም። መራዊ ናት፤ ሄደሽ እሷኑ ጠይቂ።"