ከሲናና የትራክተር መጋዘን እስከ ዝዋይ ሐይቅ፤ የአንድ ሞተር ጀልባ ፈተና

ይህ ጉዞ ለመጻፍ ይበቃ እንደሆነ ራሴን ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። በመንገዱ ላይ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልከበረም። ጀልባ ለመግዛት ሐይቅ ወደሌለበት ደጋ መውጣትም ለሰው ሲያወሩት ያስቃል። ቢሆንም የሞተር ጀልባ የሚገዛ ሰው ምን ምን ማየት እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ ፈልጌ አጥቼ ነበርና፣ ምናልባት ለአንድ ሰው ቢጠቅም ብዬ ያየሁትን እንደ አመጣጡ ጽፌዋለሁ።

ጎባ

ነሐሴ እንደገባ፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ጎባ እናቴ ቤት ሳለሁ፣ የታላቅ እህቴ የአልማዝ ባል ታደሰ ከዝዋይ መጣ። አልማዝ በአስተማሪነት ዝዋይ ተመድባ ሄዳ፣ ከሐይቁ ደሴት ሰው ጋር ተጋብታ እዚያው ደሴቱ ላይ ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ምጥ ሲይዛት ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ የደንገል ታንኳ የሚያስወጣ አልነበረም። ክሊኒክ ወዳለበት ዳርቻ የተሻገረችው በማግስቱ ነው፤ ልጁም አልተረፈም። አሁን ደግሞ መስከረም ላይ ትወልዳለች። ታደሰና የደሴቱ ሰዎች የሞተር ጀልባ ለመግዛት ገንዘብ አዋጥተው ነበር። ሲናና ውስጥ በአንድ እርሻ ግቢ የሚሸጥ ጀልባ መኖሩን የነገረው የስንዴ ጫኝ መኪና ሾፌር ነው።

"አንተ ምሕንድስና ነው የምትማረው፤ ሞተሩን ታይልኛለህ" አለኝ።

"ጋሼ ታደሰ፣ እስካሁን ያስተማሩን ሂሳብና ፊዚክስ ብቻ ነው።"

"ከእኔ ትሻላለህ። እኔ የማውቀው መቅዘፍ ነው።"

እናቴ ስንቅ ቋጥራ ስትሰጠን አንድ ነገር አስጠነቀቀችን፤ "ሮቤ ላይ ሐጂ ቃሲምን ሳትይዙ ምንም እንዳትገዙ" አለች። ሐጂ ቃሲም የፈረስ ደላላ ናቸው። የአባቴን ፈረስ የገዛነውም የሸጥነውም በእሳቸው እጅ ነው።

ሮቤ

ሐሙስ ጠዋት በላንድሮቨር ተሳፍረን ለየራሳችን ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ሮቤ ወረድን። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ገበያው ጭቃ ነው። ሐጂን ከፈረስ ተራ አገኘናቸው፤ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ ካቦርታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይደርሳል። በኦሮምኛ የእናቴን ደህንነት፣ የከብቶቹን፣ የዝናቡን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ ጉዳያችንን ነገርናቸው።

"ጀልባ ማለት ያ ውሃ ላይ የሚሄደው?"

"አዎ ሐጂ" አለ ታደሰ።

"እኔ ከዋቤ ወንዝ ሌላ ውሃ አላውቅም። እርጅናው በምን ይታወቃል? ጥርስ አለው?"

እኔ ለማስረዳት ብዬ ሞተሩ የአሥር ፈረስ ጉልበት እንዳለው እንደተነገረን ጨመርኩ።

"አሥር ፈረስ ባንድ ጊዜ የሚሸጥ ሰውማ አንድ ችግር አለበት" አሉ።

ሆኖም እሺ አሉን። ሐጂ የሚያሻሽጡበት ደንብ በገበያው የታወቀ ነው። ገዢው ፈረሱ ላይ አይወጣም፤ መጀመሪያ ሻጩ ራሱ ጋልቦ ያሳያል። ከዚያ ፈረሱ ገዢው ደጅ ሄዶ ጥቂት ቀን ይሰነብታል፤ ገንዘቡ ሐጂ ዘንድ ይቆያል፤ ለሁለቱም ወገን ዋሱ እሳቸው ናቸው። ሻጩ ለመጋለብ ካንገራገረ ሐጂ ጅራፋቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ሲናና

እርሻው የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። የበልጉ ገብስ እየታጨደ፣ ሰማዩ ግን እንደጠቆረ ነበር። የተቀበለን የእርሻው መካኒክ ጌታቸው የሚባል ሰው ነው፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ አፈ ፈጣን የአዲስ አበባ ልጅ። ጀልባው የአለቃው ነው። አለቃው ላንጋኖ ዳር የነበረውን ቤት ሲሸጥ ጀልባውን ወደ እርሻው አስጭኖት፣ አሁን የትራክተር መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ጌታቸው በቅድሚያ ሁለት ዶሮዎች ከውስጡ አባረረ።

"የእንቁላሉ ዋጋ ለብቻው ነው" አለን።

ታደሰ አልሳቀም። ቢላውን አውጥቶ ከጀልባው ሥር ገባ፤ ጣውላውን አንድ በአንድ እየወጋ፣ በቢላው እጀታ እያንኳኳ ሄደ። ከሁሉም ይበልጥ ብዙ የቆየው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ጣውላ ላይ ነው። ያ ከበሰበሰ ሞተሩ ተነቅሎ ሐይቅ ይገባል አለኝ። በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ በኩል ብርሃን ይታይ ነበር፤ እሱ ግን "ደርቋል እንጂ ጤነኛ ነው" ብሎ ተነሳ።

ሞተሩ ውሃ በሞላ በርሜል ጠርዝ ላይ ታስሮ ይጠብቀናል። ጌታቸው የማስነሻውን ገመድ ከመሳቡ በፊት እጄን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ።

"ጋሽ ጌታቸው፣ ሞቋል እኮ።"

"ፀሐይ ነዋ።"

ሐጂ ቀና ብለው ጥቁሩን ሰማይ አዩ። ጌታቸው ገመዱን አንዴ ቢስበው ሞተሩ ተነሳ፤ ጢሱ መጋዘኑን ሞላው፣ የማቀዝቀዣው ውሃም በቀዳዳው በደንብ ይወጣል። ታደሰ ፊቱ በራ።

"አንካሳ ፈረስም ከገበያ በፊት ሲያስሮጡት ይሞቅና ማንከሱ ይጠፋል" አሉ ሐጂ። "ነገ ጠዋት በብርዱ እናየዋለን።"

"ኢንጂነር፣ እጅህን ቴርሞሜትር አደረግከው?" አለኝ ጌታቸው።

በማግስቱ ጉም መሬት ነክቶ ነበር። ጌታቸው ገመዱን ሳበ፤ ደግሞ ሳበ፤ እጅ ለወጠ። ካንዴላውን ፈትቶ በጨርቅ ጠረገው፣ በክብሪት አሞቀው። እኔም አገዝኩት። ሞተሩ የተነሳው ሁለታችንም ካላበን በኋላ ነው።

"የሲናና ብርድ ነው" አለ ጌታቸው። "እዚህ ትራክተሩም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ዝዋይ ሙቀት ወርዶ ባንድ ጉተታ ነው።"

ታደሰ ወደ እኔ ዞረ። "ምን ትላለህ?"

ነገሩን በልቤ አወጣሁ አወረድኩ። ደጋ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚንም በብርድ ቶሎ አይተንም፤ ስለዚህ ጌታቸው ያለው ሊሆን ይችላል። ታደሰ "ጥሩ ነው" እንድለው ፈልጓል፤ እኔም ማለት ፈልጌ ነበር። አልማዝ የምትሳፈርበት ነው ብዬ ግን ያለኝን ብቻ ተናገርኩ።

"ብርዱ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩም ሊሆን ይችላል። እዚህ ሆኖ መለየት አይቻልም።"

"ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላኩህ?" አለ ጌታቸው።

"ደግ ብሏል" አሉ ሐጂ። "ፈረስ የሚፈተነው በገዢው ደጅ ነው። ጀልባው ሐይቁ ድረስ ይሂድ። አንተም ትመጣለህ፣ ራስህ ትጋልበዋለህ።"

"ሐጂ፣ እኔ ዋና አልችልም።"

"እኔም አልችልም። ዋስ ነኝና እሄዳለሁ።"

ቁልቁለቱ

ቅዳሜ ማለዳ ከሮቤ ስንዴ የጫነ መኪና ጀልባውንና ሞተሩንም ጫነልን። ሾፌሩ ጀልባውን በላዩ ስለደፋው ስንዴው ከዝናብ የሚከልለው ነገር አገኘ፤ እኔና ጌታቸውም ከጀልባው ሥር ተጋደምን። ሐጂና ታደሰ ጋቢና ገቡ። ዲንሾ ላይ ጉሙ ከመንገዱ ዳር ያሉትን ፈረሰኞች ከወገብ በታች ውጧቸዋል። አዳባ ምሳ በላን፤ ሐጂ የሚበሉበት ሙስሊም ቤት ፈልገን ሁላችንም እዚያው ተቀመጥን። ሥጋው ጥሩ ነበር፤ ሻዩ አሥር ሳንቲም ነው። ዶዶላ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት መኪናችንን ስትዞር ቆይታ "ይህን ጣሪያ ለማን ቤት ነው የምትወስዱት?" አለች። ጌታቸው "ለዓሣዎች" አላት። ቆሎ ስትሰፍርልን ለእሱ አሳነሰችበት።

ኮፈሌን በዝናብ አልፈን ሻሸመኔ አደርን። በማግስቱ ወደ ሰሜን ስንዞር ሙቀቱ መጣ፤ ሐጂም ካቦርታቸውን አወለቁ። ሳያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጭን ሰው መሆናቸውን ልብ አልኩ።

ዝዋይ

ታደሰ ጀልባውን ውሃ ላይ ሲያሳርፈው በየመገጣጠሚያው ውሃ ፈለቀ። እሱ ግን ውሃውን በመጭለፍ ፈንታ ውስጡ ድንጋይ ጨመረና ጀልባውን ዳር ላይ እስከ አፉ አሰመጠው።

ሐጂ ዳርቻው ላይ ቆመው ቀሩ። "ታደሰ፣ ምን ማድረግህ ነው? እኔ ዋስ የሆንኩት ለሚንሳፈፍ ዕቃ ነው።"

"ውሃ ይጠጣ ሐጂ። ጣውላው ጠጥቶ ካላበጠ አይገጥምም። ሁለት ቀን ይታገሡኝ።"

ታገሡት። ሁለቱን ቀን ከሶላት ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው እየተመላለሱ የሰመጠውን ጀልባ ያዩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ታደሰ ድንጋዩን አውጥቶ ውሃውን ጨልፎ ጨረሰ። ጠብታ አልገባም። ሐጂ መዳፋቸውን በወለሉ ላይ አሳልፈው "ማሻአላህ" አሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት አልማዝ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት በታንኳ ተሻግራ መጣች። ሆዷ ገፍቷል። ጌታቸው ሞተሩን አስሮ "በሉ እንሞክረው፣ ውሃው መስታወት ሆኖልናል" ሲል ታደሰ ራሱን ነቀነቀ።

"ከሰዓት በኋላ ነው የምንሞክረው።"

"ነፋስ ይነሳል እኮ።"

"ለነፋሱ ነው የምገዛው።"

አልማዝ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ሞተሩን ስታየው ቆየች። "ሲሄድማ ማንም ያየዋል" አለችው ባሏን። "መሃል ላይ ቢቆምስ? ያን ነው የማስበው።"

ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ቡናማ ሆኖ ተነሳ። ጌታቸው ከሞተሩ አጠገብ፣ ታደሰ ከፊቱ፣ እኔና ሐጂ የጀልባው አፍንጫ ላይ ተቀመጥን። ሐጂ ጠርዙን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሞተሩ ጥቂት አስቸግሮ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባውን ያነሳዋል፣ መልሶ ይጥለዋል፤ ጣውላው ግን ምንም አልሆነም። ዳርቻውና ደሴቱ እኩል በራቁበት ቦታ ላይ ታደሰ ዞረ።

"አጥፋው።"

"ምን?" አለ ጌታቸው።

"አጥፋው። ይቀዝቅዝና እንደገና አስነሳው።"

"ዳር ደርሰን እናጠፋዋለን።"

"ሚስቴ ያለችው እዚህ መሃል ቢቆምስ ነው።"

ጌታቸው ከማጥፊያው ይልቅ ሁለት እጁን በሞተሩ ላይ ጫነ፤ አጥብቆም ያዘው። ከፊቱ ላይ ያ ቀልዱ ጠፍቶ ነበር።

"አይጠፋም" አለ። "ከጠፋ አይነሳም።"

"ለምን?" አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

"የፒስተኑ ቀለበት ተበልቷል። አንዴ ከቀዘቀዘ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ጊዜ አለ። ሐጂ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። አታስጠፉኝ።"

ሐጂ አንድ እጃቸውን ከጠርዙ ለቀው ወደ ዳርቻው ጠቆሙ። "አሁን ጋለብከው" አሉት። "በል መልሰን።"

መሬት ስንነካ ማንም አልጮኸም። ሐጂ ጫማቸውን አውልቀው ውሃውን እያፈሰሱ ፍርዱን ሰጡ። "ጀልባው ጤነኛ ነው፣ ሞተሩ አንካሳ ነው። ታደሰ፣ ጤነኛውን ትፈልጋለህ?"

ታደሰ አልማዝን አየ፤ ከዚያም ጀልባውን። "ማዕበሉን ሲችለው አይቻለሁ። ታንኳው አይችለውም ነበር። ለአራት ሰው መቅዘፊያ እሠራለታለሁ" አለ። ሞተሩ ወደ ሻጩ ይመለስ፣ ዋጋውም ከሒሳቡ ይቀነስ ተባለ። ጌታቸው ስለ አለቃው ቁጣ አንድ ሁለት ቃል ጀምሮ ተወው።

መልስ

ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ጎባ በሚወጣ መኪና ተመለስን። ሞተሩ በጆንያ ተጠቅልሎ በእኔና በጌታቸው መካከል ተጋድሟል። ኮፈሌ ላይ ብርዱ ሲጀምረን ጌታቸው ድንገት ተናገረ።

"ያን ቀን እጅህን ባታሳርፍበት ሲናና ላይ ሸጬው ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሐይቁ ላይ የሚሆነውን አልሰማም ነበር" አለ።

ጎባ ስደርስ እናቴ በር ላይ ነበረች። የጠየቀችኝ የጀልባውን ዋጋ ወይም የመንገዱን ነገር አይደለም። "ትሻገርበታለች?" አለች። በመቅዘፊያ እንደሚሻገሩ ነገርኳት። ብዙ አልተደሰተችም፤ ሞተሩን አስባ ነበር።

ስሄድ የጀልባ ጥሩነት በፈረስ ጉልበቱ የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቢጠይቁኝ የምለው ሌላ ነው። የኋላውን ጣውላ በቢላ ውጉ። ጣውላው ውሃ ጠጥቶ እስኪገጥም ታገሡ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ካላያችሁ አላያችሁትም። ሲሄድ ከማየት ይልቅ በምትፈሩበት ቦታ አስቁሙትና እንደገና እንዲነሳ ጠይቁ፤ በዚያ ሰዓትም ሻጩ አብሯችሁ ይሳፈር። ያልገባኝን ነገር አልገባኝም ማለትም ከትምህርቴ የሚቀንስብኝ ነገር እንደሌለ ያየሁት በዚሁ ጉዞ ነው።

አልማዝን ምጥ የያዛት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ነፋሱም ነበረ። ታደሰና ሦስት የደሴቱ ሰዎች ቀዝፈው ፀሐይ ሳትጠልቅ ክሊኒክ አደረሷት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ዕለቱ መስከረም ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. ነበር።